የስምንተኛው ዙር ባዶ ሳጥን

«እስካሁን እኮ አንድም ሰው አልመታበትም!»

ብሪታ ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። በደስታ አምልጧት ነው እንጂ ክፋት አልነበረውም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ግን በዙሪያዋ የነበረው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። ከፊቷ ኦቾሎኒ ሲፈለፍል የነበረው ሰውዬ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዋ አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ አፏን በመዳፏ ከደነች። ከአጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ጌርዳ ደግሞ የሰው ሞት የተረዱ ይመስል ክው ብለው ቀሩ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ብሪታ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያየች።

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገልብጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ኧረ በስማም!» አሉ እትዬ ጌርዳ በሹክሹክታ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

«አልመታበትም ነው ያልኩት። ትሬቨር ስድስት ዙር ሙሉ ሲወረውር አንድ ሰው እንኳ…»

«ድገሚዋ ደግሞ! ድገሚዋና ጨርሺን!»

ብሪታ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። በቤዝቦል ወርዋሪው አንድም ምት ሳይመታበት ጨዋታውን ሊጨርስ ሲቃረብ፣ ያንን ነገር ማንም በአፉ አይጠራውም። ጓደኞቹ እንኳ ወደ መቀመጫው ሲመለስ አጠገቡ አይቀመጡም፣ አያናግሩትም። የተናገረ ሰው አፈረሰው ማለት ነው። የሆልምቢ ሰው ይህንን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ብሪታም እዚሁ ሆልምቢ ተወልዳ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ ግን ጨዋታ ለማየት ሜዳ ስትገባ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

«ተነሺ» አሉ እትዬ ጌርዳ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ፖስታ ቤት ሲሠሩ የከተማውን ሰው በሙሉ ሲያዙ የኖሩ ሴት ናቸው። «ደብተርሽን ያዢና ከዚህ ወንበር ተነሺ። እዚያ ጥግ፣ ሦስተኛው ማረፊያ ጋ ካለው አጥር ሥር ሄደሽ ተቀመጪ። ብቻሽን! አፍሽንም ያዢ። በተዘጋ አፍ ዝምብ አይገባም።»

«እትዬ ጌርዳ፣ የእውነትዎን ነው?»

«ፊቴን እይው እስቲ። ቀልድ ይታይሻል?»

ቀልድ አይታይም ነበር። ብሪታ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የሰው ሁሉ ዓይን ጀርባዋን እየወጋው፣ ደረጃውን ወረደች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

ደብተሩ የእሷ አይደለም። የአያቷ የኦርቪል ነው። አቶ ኦርቪል ሠላሳ ስምንት በጋ ሙሉ የሆልምቢ ዝይዎች የሚባለው የከተማው ቡድን በሜዳው ያደረገውን ጨዋታ አንድም ሳያመልጣቸው በእጃቸው መዝግበዋል። ለእያንዳንዱ መቺ በእያንዳንዱ ዙር አንዲት ትንሽ ሳጥን አለችው። ከጨዋታ ከወጣ ጥቁር ነጥብ፤ ኳሷን በትክክል መትቶ ሯጮች የሚቆሙበት ማረፊያ ላይ ከደረሰ ሰረዝ፤ የደረሰው ተከላካዩ ስለተሳሳተ ከሆነ ክብ። ከገጹ ግርጌ «ያየው» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ስማቸውን ይጽፋሉ። እርሳስ አይነኩም። «ላጲስ የያዘ ሰው ዓይኑን አያምንም» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን የቀኝ ዓይናቸው የውስጥ ሽፋን ተላቀቀ። ግራው ዱሮም ጥላ ከማየት አያልፍም። ቀዶ ጥገናው ከተደረገላቸው በኋላ ሐኪሟ ለሰባት ቀን በደረታቸው እንዲተኙ፣ ፊታቸውንም መሃሉ ክፍት በሆነ ትራስ ውስጥ ቀብረው መሬት መሬት እንዲያዩ አዘዘቻቸው። «ይድናል?» ስትባል «እናያለን» ነው ያለችው። ብሪታ ይህንን ከእናቷ ስትሰማ ደነገጠች። አያቷ የሚያስጨንቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«የቅዳሜው ጨዋታ» አሉ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት! አሁን መሃሉ ላይ ቀዳዳ ሊሆን ነው።»

እንግዲህ ብሪታ ሜዳ የተገኘችው እንዲህ ነው። ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት ሁለት ምሽት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባቄላ እንደ ተጫዋች እየደረደሩ አስተማሯት። እሷ እንኳ ልቧ አልነበረበትም። ቤዝቦል ለሷ በቴሌቪዥን የምታየው፣ ሰዎች ቆመው ሱሪያቸውን የሚያስተካክሉበት፣ እየተፉ የሚጠብቁበት ነገር ነው። ጓደኛዋን «ሦስት ሰዓት ሙሉ ሙድ የለውም፤ ቁጭ ብዬ ላዛጋ ነው» ብላታለች። ዛሬ ጠዋት ስትወጣ አያቷ ከትራሱ ውስጥ ሆነው «ዛሬ ዓይንሽን አውሺኝ» አሏት። እሷም «እሺ አባባ» ብላ ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ሄደች።

ከዚያ ትሬቨር የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወረ።

ብሪታ ከወንበሯ ዘለለች። ኳሷ ፉጨት ነበራት! በቴሌቪዥን የማይሰማ ፉጨት። የያዣውን ጓንት ስትመታ የወጣው ድምፅ በር በንፋስ እንደሚላተም ሆኖ ሆዷ ውስጥ ገባ። ይሄ ትሬቨር እኮ ዕድሜው ገና አሥራ ዘጠኝ የሆነ፣ ጠዋት ጠዋት በየእርሻው እየዞረ ወተት የሚጭነው፣ ሰላም ሲሉት ወደ ጫማው የሚያየው ልጅ ነው። ይህን ሁሉ የት ደብቆት ነበር? በሁለተኛው ዙር የሆልምቢ ተራ ሲደርስ ደግሞ አንዱ ኳሷን መሃል ለመሃል መታት። የዱላው ድምፅ አየሩን ሰነጠቀው። ብሪታ ዛሬም፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያንን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ የምትደነግጠው በደረቷ ነው። በሦስተኛው ዙር ስልኳን ረሳችው። በአምስተኛው ለእትዬ ጌርዳ መልስ መስጠት አቆመች። በስድስተኛው ገጹን ቁልቁል ስታየው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው፤ አሥራ ስምንት ሰው፣ አሥራ ስምንት ነጥብ። ያን ጊዜ ነው አፏ ያመለጣት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አያቷ እንደዚህ ያለ ገጽ ጽፈው አያውቁም። ምት አልባ ጨዋታ በሆልምቢ ሜዳ ታይቶ አይታወቅም። አንዲት ጨዋታ ቢያመልጣቸው፣ ይህችው ሆና አረፈችው።

አጥሩ ሥር ያለው መቀመጫ አሮጌ እንጨት ነው። ከዚያ ሆና ሜዳው የግቢዋን ያህል ቅርብ ነው። ከእሷ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ማረፊያ መሃል፣ የሒሳብ መምህሯ ቲቸር ዴል ከሆልምቢ ተከላካዮች አንዱ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ቲቸር ዴል ማለት አንዲት የመቀነስ ምልክት ረስታ ከፈተናዋ ላይ አምስት ማርክ የቆረጠባት ሰው ነው። ልታለቅስ ስትደርስ «ትንሽ ምልክት የሚባል ነገር የለም» ነበር ያላት።

ሰባተኛው ዙር አለፈ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ብሪታ ትንፋሿን መልሳ እትዬ ጌርዳን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ግን በጣታቸው «እዚያው!» አሏት።

በስምንተኛው ዙር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ወጡ። ሦስተኛው መቺ ቀጭን ነው፤ ዱላውን ራሱ የከበደው ይመስላል። ከማዶ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፤ እናቱ እያባበለች ይዛው ወጣች።

ትሬቨር ወረወረ። ቀጭኑ መታት።

ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ቲቸር ዴል ስትሄድ ብሪታ ግልጽ አድርጋ አየቻት። ቲቸር ዴል በትክክል ተቀመጠላት፤ ጓንቱን ከፍቶ ዝቅ አድርጎ ጠበቃት። ሦስት ሳምንት ዝናብ ያልነካው መሬት እንደ ሸክላ ደርቋል። ኳሷ ሳሩ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ስትደርስ እንደ ፌንጣ ተስፈንጥራ በትከሻው ላይ አለፈች። ጓንቱን አልነካችም። ክንዱን አልነካችም። ማንም ሰው ሊይዛት አይችልም ነበር። ቀጭኑ ሮጦ አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆመ።

የብሪታ ልብ ስንጥቅ አለ። ምት ነው። አለቀ። ደግሞ የማን ጥፋት ነው? የኔ! እኔ ነኝ በአፌ ያፈረስኩት!

ከኋላዋ ሕዝቡ ሲቃ እንደያዘው ቀረ። ሁሉም ቀና ብሎ ምት ወይም ስህተት መሆኑን የሚወስነው መዝጋቢ ከሚቀመጥበት የእንጨት ማማ በላይ ያለውን ሰሌዳ ያያል። ያን ጊዜ ቲቸር ዴል ወደ ማማው ዞሮ እጁን አነሳ። ከዚያ ደረቱን በጡጫው መታ። ሁለት ጊዜ። የኔ ነው፣ የኔ ጥፋት ነው ማለቱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ሰሌዳው ላይ «ስህተት» የሚለው መብራት በራ።

ሜዳው ፈነዳ። ሰው ተቃቀፈ። ኦቾሎኒው ዝናብ ሆኖ ወረደ። እትዬ ጌርዳ ቆመው ባርኔጣቸውን ያውለበልባሉ። ብሪታ ግን አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዓይኗን ማመን አልቻለችም። ቲቸር ዴል ዋሸ! የመቀነስ ምልክት ሰውዬው፣ በሺህ ሰው ፊት፣ ያላጠፋውን አጠፋሁ ብሎ ዋሸ። የከተማው ሰው ደግሞ እልል አለለት።

እስክሪብቶዋን አነሳች። ሰረዝ? ክብ? የእስክሪብቶው ጫፍ ሳጥኗ ላይ ተንጠለጠለ። የሚቀጥለው መቺ ወጣ፤ የእሱን ነጥብ አስገባች። ያቺ ሳጥን ግን ባዶዋን ቀረች። አያቷ በሠላሳ ስምንት ዓመት አንዲት ሳጥን ባዶ ትተው አያውቁም።

ዘጠነኛው ዙር ሦስት ነጥብ ሆነ። የመጨረሻው ሰው ሦስት ጊዜ ዱላውን አወዛውዞ ሦስቴም ንፋስ መታ። ሆልምቢ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ተጫዋቾቹ ትሬቨርን አፈፍ አድርገው ከጣሉት በኋላ ከራሱ መኪና ጋሎን ሙሉ ወተት አምጥተው አናቱ ላይ ደፉበት። ልጁ ወተቱ በአገጩ እየተንጠባጠበ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ አጥሩን ተሻግራ ልትይዘው ስትሮጥ ጫማዋ አንዱ ወለቀ።

እትዬ ጌርዳ መጥተው ብሪታን አገላብጠው ሳሟት። «ምላስሽ ሊያስፈጀን ነበር! ግን ተረፍሽ። ስህተት ባይሆን ኖሮ ከዚህ ከተማ ነበር የማስወጣሽ!» ሳቁ። ብሪታም ሳቀች። እውነትም ተርፋለች። ሳጥኗ ክብ ከሆነች እሷ ምንም አላፈረሰችም። ሰረዝ ከሆነች ግን…

ቲቸር ዴል ጓንቱን በክንዱ ሥር ሸጉጦ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አገኘችው።

«ቲቸር! ኳሷ ነክታዎት ነበር?»

ቆመ። አቧራ የጠጣ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ሰሌዳው ምን ይላል?»

«ስህተት።»

«እንግዲያው።»

«ቲቸር፣ እኔ እዚህ ነበርኩ። አጠገብዎ።»

ቲቸር ዴል ወደ ወተቱ፣ ወደሚጮኸው ሕዝብ ዞሮ አየ። «ትሬቨር ነገም ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ወተት ይጭናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ እንኳ ደስ ይበለው ብዬ ነው።» ከዚያ ደብተሩን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «የኦርቪል ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«እሱ ላይ እንኳ እኔ አላዝም» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ቤት ስትደርስ እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «አያትሽ ስልኩን ንቀይልኝ ብለው አስነቀሉኝ» አለቻት። «ጎረቤትም እንዳይገባ ብለዋል። ከደብተሩ በስተቀር ከማንም አልሰማም ነው የሚሉት። ሂጂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቁሻል።»

አያቷ እንደተኙ ናቸው። ፊታቸው በትራሱ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ለብሪታ የሚታያት የቀጠነ ማጅራታቸውና ከብርድ ልብሱ የወጡት ግራጫ ካልሲዎቻቸው ናቸው። የካልሲው ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ።

«መጣሽ? ቁጭ በይ። ከመጀመሪያው ጀምሪ። መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ፤ በድምፅሽም እንዳታሳብቂ።»

«እሺ አባባ። አንደኛ ዙር። አንደኛ መቺ፣ ነጥብ።»

«ምን አየሽ?»

ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚጠይቁት። ምን ሆነ አይሉም፤ ምን አየሽ ነው የሚሉት። ብሪታ ነገረቻቸው። የኳሷን ፉጨት፣ የጓንቱን ድምፅ፣ የመቺውን የተከፈተ አፍ። እሳቸው ይስቃሉ፣ ይጠይቃሉ፣ «አየሽ! አላልኩሽም?» ይላሉ። በአራተኛው ዙር ጥያቄያቸው አነሰ። በአምስተኛው ጨርሰው ዝም አሉ። በስድስተኛው ካልሲዎቹ መንቀሳቀስ አቆሙ።

«አባባ? ደህና ነዎት?»

«አንብቢ። ምንም አትበይ፣ ዝም ብለሽ አንብቢ።»

ብሪታ ገባት። ጨዋታው ካለቀ ሰዓታት አልፈዋል፤ ትሬቨር ይሄኔ ታጥቦ እራቱን በልቷል። እሳቸው ግን ነገሩን በአፋቸው መጥራት ፈርተዋል። ሳቋም መጣ፣ እንባዋም መጣ።

«አባባ፣ ስድስተኛው ሲያልቅ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ጮክ ብዬ ተናገርኩት።»

ከትራሱ ውስጥ ረጅም ማቃሰት ወጣ። «አይ አንቺ ልጅ! ጌርዳ አልገደለችሽም?»

«ጥግ ላከችኝ። አጥሩ ሥር።»

«ደግ አደረገች! እሺ፣ ከዚያስ?»

«ሰባተኛ ዙር፣ ሦስት ነጥብ። ስምንተኛ ዙር፣ ነጥብ። ነጥብ።»

ባዶዋ ሳጥን ላይ ደረሰች።

ክብ ብላ ማለፍ ነው፤ አንዲት ቃል። እሳቸው ማየት አይችሉም። ምናልባትም ከእንግዲህ ጨርሶ አያዩም ይሆናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቁት ነገር እጇ ላይ ነው። ከተማው በሙሉ ምስክሯ ነው፤ ሰሌዳው ምስክሯ ነው፤ ቲቸር ዴል ራሱ ደረቱን መትቶላታል። እሷም ነጻ ትወጣለች። ክብ ቢሆን የሚጎዳ ሰው አለ እንዴ? «ክብ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ምን አየሽ?» አሉ አያቷ። «ብሪታ? ምን አየሽ?»

ብሪታ ማጅራታቸውን አየችው።

«ሰረዝ» አለች።

የአያቷ ማጅራት ከትራሱ ትንሽ ቀና አለ።

«ሰረዝ?»

«ምት ነው አባባ። ይቅርታ።» አሁን እያለቀሰች ነው። ከአልጋው በታች የተንጠለጠለውን እጃቸውን ይዛ መዳፋቸውን ዘረጋችው። «ይሄ ሳሩ ነው። እንዲህ፣ መሬት ለመሬት መጣች።» ጣቷን በመዳፋቸው ላይ ነዳችው። «ቲቸር ዴል እዚህ ነው፣ በደንብ ተቀምጦ። እዚህ አፈሩ የሚጀምርበት ላይ ስትደርስ እንዲህ…» ጣቷ ከእጅ አንጓቸው ላይ ዘለለችና ክርናቸውን አልፋ ሄደች።

«ጓንቱን ነካች?»

«አልነካችም።»

«ሰሌዳው ምን አለ?»

«ስህተት ነው ያለው። ሁሉም ሰው ስህተት ነው ያለው። እኔ ብቻ ነኝ…»

«ዴልስ?»

«ደረቱን መታ። ሁለቴ።»

የአያቷ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብሪታ ደነገጠች፤ ፊታቸውን ስለማታየው ይሳቁ ያልቅሱ አላወቀችም። ምናልባት ሁለቱንም ነበር።

«ዴል?» አሉ በመጨረሻ። «ያ አምስት ማርክ የቆረጠብሽ ሰውዬ?»

«እሱ ራሱ።»

«አይ ዴል! አይ የሰው ነገር!» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ትሬቨርስ? ደስ አለው?»

«ወተት ደፉበት። አለቀሰ።»

«ደስ ይበለው፤ ይገባዋል። ደስታውን ማንም እንዳይነካበት። ከዚህ ክፍል አትወጣም ይህች ነገር።» መዳፋቸው አሁንም እጇ ውስጥ ነው። «ጽፈሻታል?»

«አልጻፍኳትም። ባዶ ናት።»

«እስክሪብቶው አለ?»

ብሪታ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሰረዟን ጻፈች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲያልፍ አያቷ አዳመጡት።

«እሺ፣ ቀጥያ!» አሉ ወዲያው። ካልሲዎቹ እንደገና ተንቀሳቀሱ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ሁለት ሰው ወጥቷል፣ አንደኛው ማረፊያ ላይ ሯጭ አለ፣ የምንመራው በሁለት ብቻ ነው። ልጁ ደንግጦ ይሆን? ልቤ ቆመች እኮ!»

አነበበችላቸው። እያንዳንዷን ኳስ። የመጨረሻው ሰው ሦስተኛውን ንፋስ ሲመታ አያቷ አልጋውን በጡጫቸው ደበደቡት፤ እናቷም የሆነ ነገር የደረሰባቸው መስሏት እየሮጠች ገባች።

እናቷ ከወጣች በኋላ ብሪታ የገጹን ግርጌ አየችው። «ያየው የሚለው ላይ የእርስዎን ስም ልጻፍ?»

«እኔ የት አየሁ? ያየው ማን ነው?»

ስሟን ጻፈች። ብሪታ ሃልቮርሰን። ከሠላሳ ስምንት ዓመት ገጽ ውስጥ የሌላ ሰው ስም ያለበት ይሄ ብቻ ነው።

«አባባ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው?»

«ረቡዕ። ከክሌይተን ቡድን ጋር። ምነው? ከፈለግሽ ለጌርዳ እሰጣታለሁ፤ አንቺ የጓደኛሽ ልደት አለ አላልሽም?»

አለ። ረቡዕ ነው። ከወር በፊት ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረ ልደት።

ብሪታ ገጹን ገለጠች። በአዲሱ ገጽ አናት ላይ የረቡዕን ቀን ጻፈች። ከግርጌው መስመር ላይ ደግሞ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር፣ ስሟን በእስክሪብቶ አሰፈረች።